ስለ ገጣጣ ጥርስና ስለሚቃናበት መንገድ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በጤና ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ አዳራሽ የጤና ክበባችን ጥቂት እንዲናገር ስለተፈቀደለት ከፍ ያለ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ትምህርት ቤቱ ታሪክና ስለ ስፖርት ቡድኖቹ ድል በሚገባ አስረድተዋል። የእኛ ርእስ ግን ከዚህ ሁሉ አነስ ያለ፣ ምናልባትም አንዳንዱን ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ይኸውም ስለ ገጣጣ ጥርስ ነው።

ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ እናያለን። እኛም ቀድሞ እንስቅ ነበር። መሳቃችንን የተውንበት ምክንያት ስላለ አስቀድመን እሱን እንነግራችኋለን።

ከመካከላችን አንድ ጓደኛ አለ። ስሙን አንጠራም፤ ታሪኩን እንድንናገር ግን ራሱ ፈቅዶልናል። የላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቹ ወደ ውጭ የወጡ ስለ ነበሩ፣ ዘጠነኛ ክፍል በገባ በመጀመሪያው ሳምንት የክርስትና ስሙን ትተን «ገጣጤ» እያልን እንጠራው ጀመር። እሱም አብሮን ይስቅ ስለ ነበር የከፋው አልመሰለንም። ነገር ግን በሳቀ ቁጥር እጁን በአፉ ላይ ያደርግ ነበር፤ መምህር ሲጠይቀውም መልሱን እያወቀ ዝም ይል ነበር። ይህን ሁሉ ያስተዋልነው በኋላ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ኳስ ስንጫወት ተደናቀፈና በፊቱ ወደቀ። ሌላ ልጅ ቢሆን ከንፈሩ ብቻ ተሰንጥቆ በቀረ ነበር፤ የእሱ ግን ሁለት የፊት ጥርሶቹ ተሰበሩ። ሐኪም ቤት ስንወስደው ሐኪሙ እንዲህ ሲሉ አስረዱን። ከንፈር ለጥርስ እንደ አጥር ነው፤ የዚህ ልጅ ጥርሶች ግን ከአጥሩ ውጭ ስለ ነበሩ መሬቱን የመቱት እነሱ ቀድመው ነው። በዚያን ጊዜ እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ይህ ነገር መድኃኒት ነበረው እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ዛሬ የምናደርገው ንግግር ለእኚህ እናት ጥያቄ መልስ ነው። መልሱም ባጭሩ፣ አዎን፣ መድኃኒት አለው፤ መንገዱም አንድ ብቻ አይደለም፤ የትኛው መንገድ እንደሚሻል የሚወስነው ግን የበሽተኛው ዕድሜና የጉድለቱ ምክንያት ነው የሚል ነው።

በመጀመሪያ ነገሩን እንለየው። ጤናማ አፍ ሲገጠም የላይኛው ረድፍ ጥርስ የታችኛውን ከውጭ በኩል ጥቂት ይሸፍነዋል። የመሶብ ክዳን ከመሶቡ አፍ ጥቂት ወጣ ብሎ እንደሚገጥም ያለ ነው። ስለዚህ የላይኛው ጥርስ መሸፈኑ በራሱ ጉድለት አይደለም፤ ጉድለት የሚሆነው ልክ ሲያልፍ ነው። ልኩም የሚታየው በሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው ወደ ፊት ነው፤ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርስ መካከል ያለው ርቀት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ደኅና ነው። ሁለተኛው ወደ ታች ነው፤ የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ቁመት እስከ ሲሶ ያህል ቢሸፍን ደኅና ነው። ወደ ፊት ያለው ርቀት ሲበዛ «ገጣጣ» እንላለን። ወደ ታች ያለው ሽፋን ሲበዛ ደግሞ በዚህ ንግግር «ጥልቅ ንክሻ» ብለን እንጠራዋለን። ብዙ ጊዜ ሁለቱ በአንድ አፍ ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ጥልቅ ንክሻ ሲብስ የታችኞቹ ጥርሶች ጫፍ ላንቃን ይወጋል፤ ድድንም ያቆስላል።

አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤድዋርድ አንግል እ.ኤ.አ. በ1899 የጥርስን አገጣጠም በሦስት ክፍል መደበ፤ ይህም አከፋፈል እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። ገጣጣ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመደበው በሁለተኛው ክፍል ነው፤ ይህም ማለት የታችኛው ረድፍ ከላይኛው ይልቅ ወደ ኋላ የቀረበት ነው። እዚህ ላይ እኛን ያስገረመን ነገር አለ። የላይኛው ጥርስ ወጣ ብለን የምንስቅበት ሰው፣ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ ከላይ ሳይሆን የታችኛው የመንጋጋ አጥንት አጥሮ ወደ ኋላ በመቅረቱ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ጥፋቱ ከላይ ነው ወይስ ከታች፣ ከጥርስ ነው ወይስ ከአጥንት ብሎ በራጅና በልክ መመርመር አለበት።

ምክንያቱስ ምንድን ነው? ከሁሉ በላይ የዘር ውርስ ነው፤ የአጥንቱ ቅርጽ ከእናት ወይም ከአባት ይወረሳል። ከዚህ ቀጥሎ ጣት መጥባት ይመጣል። አብዛኞቹ ሕፃናት ከ2 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ጣት መጥባትን በራሳቸው ይተዋሉ፤ ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች በሚበቅሉበት በ6 እና በ7 ዓመት ገደማም የሚጠባ ልጅ ግን ጥርሶቹን ወደ ፊት ይገፋቸዋል። የወተት ጥርስም ያለ ጊዜው ሲወልቅ ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ስለሚያዘሙ አገጣጠሙ ይበላሻል። ከእነዚህ ውስጥ የልጁ ጥፋት የሚባል አንድም የለም። ስለዚህ መሳቂያ ማድረጋችን ጭካኔ ብቻ ሳይሆን አለማወቅም ነበር።

ገጣጣ ሁሉ ሕክምና ያስፈልገዋል ማለታችን ግን አይደለም። ጥርሱ ጥቂት ወጣ ያለ፣ የሚያኝክ፣ የሚናገር፣ ድዱ ያልቆሰለ፣ በመልኩም ያላዘነ ሰው ሐኪም አያስፈልገውም። አፉ ጤናማ ነው። ርቀቱ ሲበዛ ግን አደጋውም ይበዛል። በጥናቶች እንደታየው ርቀቱ ከ3 ሚሊሜትር በላይ የሆነ ልጅ የፊት ጥርሱ የመጎዳቱ ዕድል ከሌላው ልጅ እጥፍ ያህል ነው። ከ6 ሚሊሜትር ሲያልፍ ሕክምና የሚያስፈልገው መሆኑ ግልጽ ነው። የጓደኛችን ርቀት ሲለካ 9 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ።

ወደ ሕክምናው ከመግባታችን በፊት ጥርስ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ እንናገር። ጥርስ በአለት ውስጥ እንደ ተቸነከረ ችካል ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። በጥርሱ ሥርና በአጥንቱ መካከል ቀጫጭን ጅማቶች አሉ። ጥርሱ በቀስታ ሲገፋ፣ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት ይሟሟል፤ በተለየው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። እንደዚህ እየሆነ ጥርስ በወር አንድ ሚሊሜትር ያህል ይጓዛል። በኀይል ቢገፋ ግን ሥሩ ይጎዳል እንጂ ጉዞው አይፈጥንም። የዚህ ሕክምና ጊዜ በወርና በዓመት የሚቆጠረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ መንገዶቹን በተራ እናቅርብ።

የመጀመሪያው መንገድ ለትንንሽ ልጆች ነው፤ ይኸውም ልማድን ማስተው ነው። ጣቱን የሚጠባ ሕፃን በቁጣና በዱላ ሳይሆን በማባበልና በማመስገን ቢተው፣ ጥርሱ አንዳንድ ጊዜ ያለ ሌላ ሕክምና ወደ ቦታው ይመለሳል። ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ላሏችሁ ጓደኞቻችን ይህ የእናንተም ሥራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በማደግ ላይ ላሉ ልጆች ነው። የታችኛው መንጋጋ ያጠረ ሲሆን፣ ልጁ አፉን ሲገጥም መንጋጋው ወደ ፊት እንዲመጣ የሚያስገድድ የሚወልቅ መሣሪያ ይደረግለታል። ከእነዚህ ውስጥ የታወቀው «ትዊን ብሎክ» የተባለው ነው፤ ዊልያም ክላርክ የተባሉ የስኮትላንድ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1977 የሠሩት ነው። አንዱ ክፍል በላይ፣ ሌላው በታች ሆኖ፣ ሁለቱ ተዳፋት ሲገናኙ የታችኛው መንጋጋ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ከ9 እስከ 12 ወር ያህል ሌሊትና ቀን ይደረጋል። የሚበጀው ልጁ ቶሎ ቶሎ ቁመት በሚጨምርበት ጊዜ ነው፤ ይህም ጊዜ በልጃገረዶች ላይ ከወንዶች ሁለት ዓመት ያህል ቀድሞ ይመጣል። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። መሣሪያው አጥንትን ብዙ ያሳድጋል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ከብዙ ጥናት በኋላ የታወቀው ግን አብዛኛው ለውጥ የሚገኘው ከጥርሶቹ መንቀሳቀስ እንደ ሆነ ነው። በሰባትና በስምንት ዓመት መጀመርም የፊት ጥርስን ከመሰበር አደጋ ይጠብቃል እንጂ፣ በጉርምስና ጊዜ ከተጀመረው የተሻለ የመጨረሻ ውጤት አይሰጥም።

ሦስተኛው መንገድ ብዙዎቻችሁ «ብሬስ» ብላችሁ የምታውቁት በጥርስ ላይ የሚጣበቅ ሽቦ ነው። ጥርስን በመሣሪያ የማቃናት አሳብ አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ፒየር ፎሻር እ.ኤ.አ. በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ጥርሶች በክር ስለሚታሰሩበት የብረት ቅጠል ጽፏል። ቀድሞ እያንዳንዱ ጥርስ በብረት ቀለበት ይታሰር ነበር። አሜሪካዊው ማይክል ቡኦኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 የጥርስን ገጽ በአሲድ አሻክሮ ማጣበቂያ እንዲይዝ ማድረግ እንደሚቻል ካሳየ በኋላ ግን፣ ትንሽ ቁራጭ ብረት በጥርሱ ፊት ላይ ማጣበቅ በቂ ሆነ። በቁራጮቹ ውስጥ የሚያልፈው ሽቦ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ሲጥር ጥርሶቹን ይዞ ይሄዳል፤ ከላይ ወደ ታች የሚሳብ ትንሽ ላስቲክም ሁለቱን ረድፎች ያቀራርባል። ጥልቅ ንክሻ ላለበት ሰው ሐኪሙ ሽቦውን ጥቂት ጎበጥ አድርጎ የፊት ጥርሶችን ወደ ሥራቸው ይገፋል፤ ወይም የኋላ ጥርሶች ከፍ እንዲሉ ከላይኛው የፊት ጥርስ ጀርባ ትንሽ ማቆሚያ ያደርጋል። ይህ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር ይፈጃል።

ጥርሶቹ ወደ ኋላ የሚመለሱበት ቦታ ሲጠፋ ደግሞ ሐኪሙ ከላይ በግራና በቀኝ ከክራንቻ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ይነቅላል። እያንዳንዱ 7 ሚሊሜትር ያህል ቦታ ይተዋል። ጤነኛ ጥርስ መንቀል ለወላጅ ከባድ ነገር መሆኑን እናውቃለን፤ ለአንዳንዱ አፍ ግን ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው። ለሌላው ደግሞ ሳይነቀል መሥራት ይቻላል። ስለዚህ «ለምን ይነቀላል? ባይነቀልስ ምን ይሆናል?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ የወላጅ መብት ነው።

አራተኛው መንገድ የሚታይ ሽቦ የሌለበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው አላይን ቴክኖሎጂ የተባለ ኩባንያ «ኢንቪዛላይን» የሚባሉትን ብርሃን የሚያሳልፉ የፕላስቲክ ሽፋኖች አወጣ፤ ዛሬ ሌሎችም ይሠሩታል። ሽፋኑ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ እየተለወጠ ጥርሱን ጥቂት በጥቂት ይገፋዋል። ለምግብና ለጥርስ ማጽጃ ይወልቃል እንጂ በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት። ለቀላልና ለመካከለኛ ጉድለት ደኅና ነው፤ ጥልቅ ንክሻን በማቃናት ረገድ ግን የታሰበውን ያህል ሳይሆን የሚቀርበት ጊዜ አለ። ደብተሩን ክፍል ውስጥ ረስቶ ለሚሄድ ተማሪም አይመከርም!

አምስተኛውና የመጨረሻው መንገድ ቀዶ ሕክምና ነው። ዕድገቱን ለጨረሰ፣ የመንጋጋው አጥንት ልዩነትም እጅግ ለበዛ ሰው ሽቦ ብቻውን አይበቃም። ሁጎ ኦብዌገሰር የተባሉ ሐኪም ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1957 ለዓለም ባሳወቁት ዘዴ፣ የታችኛው መንጋጋ በግራና በቀኝ ከአፍ ውስጥ ተሰንጥቆ ወደ ፊት ይመጣል፤ ዛሬም በትንንሽ የቲታኒየም ብረቶች ይታሰራል። ከፊትና ከኋላው የሽቦ ሕክምና አለው። የታችኛው ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዝ ስለሚችል በቀላሉ የሚወሰን ነገር አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ ውጭ አንድ መንገድ አለ፤ እሱንም የምንጠቅሰው እንድትሸሹት ነው። ይኸውም በቤት ውስጥ ጥርስን በላስቲክ ማሰር ነው። ላስቲኩ ቀስ እያለ ወደ ሥሩ ይወጣና በድድ ውስጥ ይሰወራል፤ ጅማቱንና አጥንቱንም ይበጥሳል። በዚህም ምክንያት ጤነኛ ጥርሳቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። ጥርስን በሞረድ ማሳጠርም እንዲሁ ነው፤ የተሞረደ ጥርስ ዳግመኛ አይበቅልም።

ጥርሱን የሚያሳክም ሰው ሥራው በሐኪሙ ወንበር ላይ አያልቅም። ሽቦ ያደረገ ሰው ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተጠበሰ በቆሎና ሸንኮራ አገዳ ለጊዜው መተው አለበት፤ እንጀራ በወጥ ግን እንደ ልቡ ይበላል። መፋቂያ ለጥርስ መልካም ቢሆንም በሽቦው ሥር ስለማይገባ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ያስፈልጋል። ጽዳቱን የተወ ሰው ሽቦው ሲወልቅ ቀጥ ያለ ነገር ግን የቦረቦረ ጥርስ ያገኛል። ሕክምናው ሲፈጸምም ጥርሶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው መመለስ ይወዳሉ፤ ስለዚህ «ሪቴይነር» የተባለውን መያዣ ማታ ማታ ለብዙ ዓመታት ማድረግ ግድ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛችን እንመለስ። የተሰበሩት ጥርሶቹ ከተጠገኑና ጥቂት ወራት ከታዩ በኋላ፣ የጥርስ ማቃናት ስፔሻሊስት ሦስት ምርጫ ለቤተሰቡ አቀረበ። አንደኛው ሁለት ጥርስ ነቅሎ ወዲያው ሽቦ ማድረግ፤ ሁለተኛው ቁመቱ ገና እየጨመረ ስለሆነ በትዊን ብሎክ ጀምሮ በሽቦ መጨረስ፤ ሦስተኛው ዕድገቱን እስኪጨርስ ጠብቆ፣ ካስፈለገ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ነበር። አባቱ ጤነኛ ጥርስ መነቀሉን አልወደዱም፤ እናቱ ሌላ መውደቅ ፈርተው መጠበቁን እምቢ አሉ። ገንዘቡም ቀላል አልነበረም፤ አጎቶቹ አዋጥተው ረዱት። በመጨረሻ ሐኪሙ፣ «አንተስ ምን ትላለህ? መሣሪያውን የምታደርገው አንተ ነህ» ብሎ ጠየቀው። ጓደኛችንም ሁለተኛውን መረጠ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት «ሰ» እና «ዘ» የሚሉት ፊደላት አንደበቱ ላይ ተንሻፈው አስቸገሩት። በዚያው ሳምንት በክፍል ውስጥ ጮኾ የማንበብ ተራ ደረሰውና ተነሥቶ አነበበ። አንድም ሰው አልሳቀም። በክበባችን ከሠራናቸው ሥራዎች ሁሉ የምንኮራበት ይህ ዝምታ ነው። ዛሬ ሰባተኛ ወሩ ነው፤ 9 ሚሊሜትር የነበረው ርቀት 5 ሆኗል። ገና የሽቦው ጊዜ ይቀረዋል። እጁን ግን ከአፉ ላይ አንሥቷል።

እንግዲህ የምንለምነው ሦስት ነገር ነው።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ የኋላ ጥርሶቹን ገጥሞ ከንፈሩን ገለጥ ሲያደርግ ተመልከቱት። የታችኞቹ ጥርሶች ጨርሶ የማይታዩ ከሆነ፣ ወይም የላይኞቹ ከንፈሩን አልፈው የሚቀመጡ ከሆነ ለጥርስ ሐኪም አሳዩት። የዚህ ሙያ ስፔሻሊስቶች በአገራችን ጥቂት ስለሆኑና ወጪውም ስለሚከብድ ሁሉም ወዲያው መታከም እንደማይችል እናውቃለን። ቢሆንም ማስመርመር ብቻውን ይጠቅማል፤ ጊዜው አለ ወይስ እያለፈ ነው የሚለውን ያሳውቃልና። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ እንደሚባለው ነው። ልጅነቱ ያለፈበት ሰውም ተስፋ አይቁረጥ፤ ድዱና አጥንቱ ጤነኛ ከሆነ በአዋቂነትም ጥርስ ይቃናል።

መምህራኖቻችን ሆይ፤ መልሱን እያወቀ ዝም የሚል ተማሪ ስታዩ፣ ምናልባት የሚያፍረው በትምህርቱ ሳይሆን በአፉ እንደ ሆነ አስቡለት።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ለእናንተ የምንለው ለራሳችንም ነው። ሽቦ የሚያደርገው ሐኪም ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ወላጅ ነው፤ ስምን በስሙ መጥራት ግን በእኛ እጅ ያለ፣ ዋጋም የማይጠየቅበት ነገር ነው። ያ ጓደኛችን ስም አለው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ማንም ሰው በጥርሱ አይጠራ።